ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ኬብሉን ማን ያየዋል?

በኬብል በተወጠረ ድልድይ ላይ በእግር ስታልፉ አንድ ነገር ሞክሩ። ከወለሉ ተነስቶ ወደ ምሰሶው ጫፍ ከሚወጡት ኬብሎች አንዱን በመዳፋችሁ ንኩት። ከባድ መኪና ሲያልፍ ቀጭን ንዝረት እጃችሁ ላይ ይደርሳል። ላዩ ለስላሳ ነው። ፀሐይ ካለ ይሞቃል። ግን የነካችሁት ኬብሉን አይደለም፤ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ድልድዩን የተሸከመው ብረት ከቱቦው ውስጥ ነው። እሱን እናንተም አታዩትም፣ በምረቃው ቀን ሪባን የቆረጡትም አላዩትም።

ከተሞች ይህን ዓይነት ድልድይ ይወዱታል። ቢወዱትም አይፈረድባቸውም። ኬብሎቹ እንደ በገና ክር ተደርድረው ሲታዩ፣ ማታ ደግሞ መብራት ሲለቀቅባቸው ዓይን ይይዛሉ። ከተማዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ምስል ትታወቃለች። ስለ ርዝመቱ፣ ስለ ከፍታው፣ ስለ ወጪው ብዙ ይወራል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ። ኬብሉን በየጊዜው ገልጦ የሚያየው ማን ነው? ሲያረጅስ አውጥቶ መለወጥ ይቻላል ወይ? ባለፉት ዓመታት የደረሱት አደጋዎች ይህን ጥያቄ የባለሙያ ብቻ ከመሆን አውጥተውታል። በድልድዩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው ይገባል።

(ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ባልዲና ገመድ

አሠራሩ ሲወራ ከባድ ይመስላል እንጂ በገዛ ሰውነታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ቁሙና ሁለት እጃችሁን ወደ ጎን ዘርጉ። በየእጃችሁ ውኃ የሞላ ባልዲ ያዙ። ብዙም ሳይቆይ ትከሻችሁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አሁን ከአንዱ ክርናችሁ ተነስቶ በአናታችሁ ላይ አልፎ ወደ ሌላው ክርናችሁ የሚወርድ ገመድ ሰው ይሰርላችሁ። እፎይ ትላላችሁ። ክብደቱ በገመዱ ወደ አናታችሁ ወጥቶ በአከርካሪያችሁ በኩል ወደ እግራችሁ ወርዷል። አከርካሪያችሁ ምሰሶው ነው፤ የተዘረጉት እጆቻችሁ መንገዱ፤ ገመዱ ደግሞ ኬብሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ገመዱ ክርናችሁን ወደ ላይ ብቻ አይስበውም፤ ወደ ትከሻችሁም ይገፋዋል። ኬብሉም እንዲሁ ነው። መንገዱን አንስቶ ይይዘዋል፣ በዚያው ደግሞ ወደ ምሰሶው ይጨምቀዋል። የግራው ጉተታ በቀኙ ይካካሳል። ተንጠልጣይ ድልድይ እንዲህ አይደለም። እሱ ሁለት ወፋፍራም ዋና ኬብሎች ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋና መንገዱን ከነሱ ላይ ያንጠለጥለዋል። የኬብሎቹ ጫፎች ታዲያ ብዙ ጊዜ በየዳርቻው በግዙፍ የኮንክሪት ግግር ውስጥ መታሰር አለባቸው። በኬብል የተወጠረው ድልድይ ግን ራሱን በራሱ ያስራል። አፈሩ ለስላሳ በሆነበት ወንዝ ዳር ወይም ቤት ከቤት በተጠጋበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግንባታውም በዚሁ ሚዛን ይሄዳል። መጀመሪያ ምሰሶው ይቆማል። ከዚያ መንገዱ ከምሰሶው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቁራጭ በቁራጭ ይቀጠላል። አንዱ ቁራጭ በዚህ፣ አንዱ በዚያ። እያንዳንዱ ሲገባ የራሱ ኬብል ይታሰርለትና በሃይድሮሊክ ክሪክ ይወጠራል። ከታች ደጋፊ እንጨትም ብረትም የለም። መርከቡ ያልፋል፣ ባቡሩ ያልፋል፣ ሥራውም ከላይ ይቀጥላል።

እኔን በጣም የሚደንቀኝ የመጨረሻው ቀን ነው። ከሁለቱ ምሰሶዎች የመጡት ሁለት የመንገድ ጫፎች መሃል ላይ የሚገናኙበት። መሐንዲሶች ይህን ብዙ ጊዜ በሌሊት ወይም ጎህ ሳይቀድ ይሠሩታል። ምክንያቱ ፀሐይ ናት። 100 ሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር 24 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። አንዱን ኬብል ፀሐይ መትቶት ሌላው ጥላ ውስጥ ከሆነ መንገዱ ይጣመማል። ስለዚህ ብረቱ ሁሉ እኩል እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ከዚህና ከዚያ የመጡት ሁለት ጫፎች የብሎን ቀዳዳቸው የሚገጥመው ያኔ ነው።

ሁለት ድልድዮች በአንድ ዓመት

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በስኮትላንድ ድራይበርግ በ1817 እንዲህ ያለ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቶ ነበር። በዓመቱ አውሎ ነፋስ ጣለው። በጀርመን ኒንቡርግ የተሠራው ደግሞ በ1825 ሕዝብ ሞልቶበት ሳለ ተሰብሮ ብዙ ሰው ፈጀ። የዚያ ዘመን ብረት ደካማ ነበር። በእያንዳንዱ ማሰሪያ ላይ ስንት ኃይል እንደሚያርፍ በትክክል ማስላትም አይቻልም ነበር። መሐንዲሶች ፊታቸውን ወደ ተንጠልጣይ ድልድይ አዞሩ፤ ይኸኛውም ከመቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ቆየ።

መልሶ ያመጣው ጦርነት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የራይን ወንዝ ድልድዮች ፈራርሰው ነበር። ብረት እንደልብ አይገኝም፤ ድልድይ ግን በአስቸኳይ ይፈለጋል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ፍራንዝ ዲሺንገር ጠንካራ ሽቦ ገና ሲታሰር በደንብ ከተወጠረ የተረሳው ሐሳብ እንደሚሠራ አሳየ። በ1956 በስዊድን ስትሮምሱንድ፣ ከምሰሶ ምሰሶ 182 ሜትር ገደማ የሚዘረጋ ድልድይ ተከፈተ። በ1957 ዱሰልዶርፍ 260 ሜትር ዘረጋች።

ከዚያ 1967 መጣ። የዚህን ድልድይ ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የምመለሰው ወደዚህ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት መንገዳቸው ለየቅል የሆነ ሁለት ድልድዮች ለትራፊክ ክፍት ሆኑ።

አንዱ በጀርመን ቦን ነው። እስከዚያ ድረስ የነበሩት ድልድዮች ጥቂት ወፋፍራም ኬብሎች ነበሯቸው። ሄልሙት ሆምበርግ የነደፈው የቦኑ ድልድይ ግን ብዙ ቀጫጭን ኬብሎችን አቀራርቦ ደረደረ። ስሌቱ ያለ ኮምፒውተር የሚቻል አልነበረም፤ ኮምፒውተርም ያኔ ደርሶ ነበር። ዛሬ የምናያቸው የዚህ ዓይነት ድልድዮች አብዛኞቹ የቦኑ ልጆች ናቸው።

ሌላው በጣሊያን ጄኖቫ የተከፈተው የፖልቼቬራ ድልድይ ነው። የነደፈው ሪካርዶ ሞራንዲ ነው። እሱ በተቃራኒው ሄደ። ለእያንዳንዱ ትልቅ ምሰሶ አራት ኬብል ብቻ ሰጠ። ኬብሎቹንም ኮንክሪት አለበሳቸው። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ኮንክሪት በውስጡ ያለውን ብረት ከዝገት ይጠብቃል፤ በየሕንፃው ፌሮ የሚቀበረውም ለዚህ ጭምር ነው። ድልድዩም እጅግ የተዋበ ነበር።

ግን ኮንክሪት ይሰነጠቃል። ጄኖቫ የወደብ ከተማ ናት። ከባሕሩ ጨው ያዘለ አየር ይመጣል፣ ከአጠገቡ ደግሞ የፋብሪካ ጭስ። ሞራንዲ ራሱ ድልድዩ ከተከፈተ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1979 ባወጣው ጽሑፍ ይህ አየር ድልድዩን ከተገመተው በላይ እየበላው መሆኑን ገልጾ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሦስቱ ትልልቅ ምሰሶዎች የአንዱ፣ የ11 ቁጥሩ፣ ኬብሎች ከውጭ በተጨመሩ ኬብሎች ተጠናከሩ። የ9 ቁጥሩ ግን በዚያ መልክ አልተጠናከረም።

ኦገስት 14 ቀን 2018 ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ላይ፣ ዶፍ ዝናብ እየወረደ ሳለ፣ የ9 ቁጥሩ ምሰሶ ከነመንገዱ ተደረመሰ። በማግስቱ በዓል ነበር። ብዙዎቹ መኪኖች ለዕረፍት የሚሄዱ ቤተሰቦችን ይዘው ነበር። 43 ሰዎች ሞቱ።

ከዚህ አደጋ በኋላ ብዙ ሰው ጥያቄውን ወደ አንድ ሰው ስህተት ሊያወርደው ሞክሯል። እኔ እንደማየው ጉዳዩ ሌላ ነው። ኬብሉ አራት ብቻ ከሆነ፣ አንዱ ሲሄድ ሸክሙን የሚቀበለው የለም። ኮንክሪት ውስጥ ከተቀበረ፣ ዝገቱን ማንም አያየውም። አንድ ላይ ከተለሰነ ደግሞ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ ማስገባት አይቻልም። ሦስቱ አንድ ቦታ ሲገናኙ ጊዜ ብቻ ነው የሚቀረው።

ይህ በሽታ የኬብል ድልድይ ብቻ አይደለም። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 በጀርመን ድሬስደን የካሮላ ድልድይ አንድ ክፍል ኤልቤ ወንዝ ውስጥ ገባ። እሱ ተራ የሚመስል የኮንክሪት ድልድይ ነበር። ግን በኮንክሪቱ ሆድ ውስጥ የተወጠሩ ሽቦዎች ነበሩት። ሽቦዎቹ ለዓመታት ከውስጥ ሲሰነጣጠቁ ኖረው ነበር። ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም። ጠዋት ሥራ ሰዓት ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ ግን እንቅልፍ ይነሳል።

ቱቦው ሲገለጥ

እስኪ ያንን የነካችሁትን ቱቦ ከፍተን እንየው። ከአንድ ሽቦ እንነሳ። ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንዱ መሃል ሆኖ ስድስቱ ዙሪያውን ሲጠመዘዙበት አንድ ጅማት ይሆናሉ። በብዛት የሚሠራበት ጅማት ውፍረቱ 15.7 ሚሊሜትር ነው፤ እንደ ጣት ማለት ነው። ይህች ጣት የምታህል ነገር 28 ቶን ገደማ ካልተንጠለጠለባት አትበጠስም። ድልድዩ ላይ ግን ከአቅሟ ግማሽ እንኳን በማይሞላ ኃይል ነው የምትወጠረው። ሽቦው ዚንክ ተለብጧል። በመካከሉ ሰም ወይም ግራሶ ገብቷል። ከላይ ደግሞ ለብቻው የፕላስቲክ ልብስ አለው። እንዲህ ያሉ በርካታ ጅማቶች፣ በትልልቆቹ ኬብሎች ላይ ከመቶ የሚጠጉ፣ ጎን ለጎን ሆነው ወደ አንድ ቱቦ ይገባሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው። እዚህ ግን አንበሳው ቀንም ሌሊትም አይተኛም።

አሁን ወደ ኬብሉ እግር እንውረድ። ጅማቶቹ ከወለሉ ስር ሲደርሱ በወፍራም ብረት ውስጥ በተበሱ ቀዳዳዎች ያልፋሉ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ሽብልቅ አለ። ሁለት ወይም ሦስት ቦታ የተከፈለ፣ ውስጡ ጥርስ ያለው፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ሾጣጣ ብረት ነው። ጅማቱ በተጎተተ ቁጥር ሽብልቁ ወደ ቀዳዳው እየጠለቀ ይበልጥ ይነክሰዋል። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። አውቶቡሱም፣ የጭነት መኪናውም፣ ልጇን ይዛ የምትሻገረው እናትም በዚህ ጥርስ ላይ ነው የሚያልፉት።

ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ነው። ኬብሉ ያዘነበለ ነው፤ ውኃ ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል። ቱቦው ላይ በትንሹ ቢሰነጠቅ ወይም ወደ ወለሉ በሚገባበት ቦታ ያለው ጎሚኒ ቢደርቅ፣ ዝናቡ ሾልኮ ገብቶ እታች ይጠራቀማል። መርማሪው ከወለሉ ስር ገብቶ የማሰሪያውን ክዳን ብሎኖች አንድ በአንድ ሲፈታ መጀመሪያ የሚፈልገው ስንጥቅ አይደለም። ውኃ ነው። ክዳኑ ገና ሲላላ ቡናማ ውኃ በጓንቱ ላይ ከወረደ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው። ቀጥሎ መልኩን ያያል። ነጭ ዱቄት ካገኘ ዚንኩ እየተበላ ነው፤ ገና ጊዜ አለ። ቀላ ያለ ከሆነ ግን ዝገቱ ብረቱ ጋ ደርሷል።

ከውጭ ሆኖ ማወቅ የሚቻለውም ጥቂት አይደለም። የተወጠረ ኬብል እንደ ክራር ክር ነው። ሲመታ የሚሰጠው ንዝረት ምን ያህል እንደተወጠረ ይናገራል። ስለዚህ መሣሪያ ተጭኖበት ንዝረቱ ይለካና ከመጀመሪያው ቀን ልክ ጋር ይነጻጸራል። አንዳንድ ድልድዮች ላይ ደግሞ የሚያዳምጥ መሣሪያ ይተከላል። ውስጥ አንድ ሽቦ ሲበጠስ የሚያሰማውን ድምፅ ከመኪናው ጫጫታ ለይቶ ይመዘግባል። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን የመጀመሪያው ቀን ልክ በደንብ ተጽፎ ከተቀመጠና የሚያነበው ሰው ካለ ነው።

ለዚህ የሃምቡርግን ታሪክ እወደዋለሁ። የኮልብራንድ ድልድይ በ1974 ተከፈተ። በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ወደ ኬብሎቹ እግር ገባ። አሥር ዓመት እንኳን ሳይሞላው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ኬብሎቹ በሙሉ በአዲስ ተተኩ። ትልቅ ወጪ ነበር፤ ያኔ እንደ ሽንፈት ያዩትም አይጠፉም። እኔ ግን ከጄኖቫ አጠገብ ሳስቀምጠው ሌላ ነገር ይታየኛል። እዚህ አንድ ሰው በጊዜ አየ። ኬብሎቹም መውጣት የሚችሉ ነበሩ። ሰው አልሞተም።

ዝናብ፣ ነፋስ፣ በረዶ

ዝናብ የሚያመጣው ዝገት ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ በጃፓን ናጎያ አንድ ድልድይ ሲሠራ መሐንዲሶች ግራ የሚያጋባ ነገር አዩ። ነፋሱ ኃይለኛ አይደለም፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ኬብሎቹ ይወዛወዛሉ። ዝናቡ ሲያቆም ይረጋጋሉ። ምክንያቱ በኋላ ተገኘ። የዝናቡ ውኃ በኬብሉ ላይ ቀጭን ጅረት ሠርቶ ይወርዳል። ያቺ ጅረት ክብ የነበረውን የኬብሉን ቅርፅ ለነፋሱ ትለውጠዋለች። ነፋሱም መካከለኛ ሆኖ ሳለ ኬብሉን ማንሳትና መጣል ይጀምራል። ሽቦን ደጋግማችሁ ብታጥፉት እንደሚሰበር ታውቃላችሁ። ኬብሎች ከመገጠማቸው በፊት ናሙናቸው 2 ሚሊዮን ጊዜ እየተወጠረና እየላላ የሚፈተነው ለዚህ ነው።

ትምህርቱ ግን ወዲያው ለሁሉም አልደረሰም። የሮተርዳም ኤራስመስ ድልድይ በ1996 ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ በዝናብና በነፋስ ኬብሎቹ ክፉኛ ስለተወዛወዙ መዘጋት ግድ ሆነ። መፍትሔው እንደ መኪና ሾክአብዞርበር ያለ ንዝረት የሚያበርድ መሣሪያ በኬብሎቹ እግር ላይ መግጠም ነበር። ሌላው ዘዴ ደግሞ ቀላልና ብልህ ነው። ዛሬ የሚሠሩ ቱቦዎችን ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ብዙዎቹ ላይ እንደ ሐረግ የሚጠመዘዝ ስስ ጠርዝ አለ። ቁመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ሥራው ያቺን የውኃ ጅረት መስበር ነው። ሰው ለጌጥ የተሠራ ይመስለዋል።

በረዶ በሚጥልባቸው ከተሞች ሌላ ጣጣ አለ። በካናዳ ቫንኩቨር አካባቢ ያለው የፖርት ማን ድልድይ ኬብሎች ከመንገዱ በላይ ያልፋሉ። በዲሴምበር 2012፣ ድልድዩ ገና አዲስ ሳለ፣ ኬብሎቹ ላይ የተጋገረው በረዶ እየተላቀቀ መኪኖች ላይ ወደቀ። መስታወቶች ተሰበሩ፤ የተጎዱ ሰዎችም ነበሩ። ከዚያ በኋላ በየኬብሉ አናት ላይ የሰንሰለት ቀለበቶች ተሰቀሉ። በረዶ ሲጥል ሠራተኞች ይለቋቸዋል፤ ቀለበቶቹም ተንሸራተው እየወረዱ በረዶውን ጠርገው ያራግፉታል። በስኮትላንድ በ2017 የተከፈተው የኩዊንስፌሪ ድልድይም በፌብሩዋሪ 2020 በዚሁ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ድልድይን የሚያኖረው ጠጋኙ ሰው እንጂ የንድፍ ሥዕሉ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ድልድዩ ተሠርቶ አያልቅም።

መብረቅም አለ። የግሪኩ ሪዮን አንቲሪዮን ድልድይ በ2004 ተከፈተ። በጃንዋሪ 2005 መብረቅ መታው፤ አንድ ኬብል በእሳት ተያይዞ ተበጥሶ ወደቀ። ድልድዩ ግን ቆመ። ጎረቤት ኬብሎች ሸክሙን ተካፈሉት፤ የወደቀውም በአዲስ ተተካ። የቦንና የጄኖቫ ልዩነት በአንድ ሌሊት ሲታይ ይህን ይመስላል። ዛሬ እንዲህ ያለ ድልድይ ሲነደፍ አንድ ኬብል ድንገት ቢጠፋ እንኳን መቆም መቻሉ በስሌት ይረጋገጣል።

መቼ ነው የሚያስፈልገው?

ርዝመቱ እየጨመረ ነው። የፈረንሳዩ ኖርማንዲ ድልድይ በ1995 ከምሰሶ ምሰሶ 856 ሜትር ዘረጋ። የቻይናው ሱቶንግ በ2008 ከ1 ኪሎ ሜትር አለፈ፤ 1088 ሜትር። የሩሲያው ሩስኪ በ2012 1104 ሜትር አደረሰው። በ2025 የተከፈተው የቻይናው ቻንግታይ ደግሞ 1208 ሜትር ደርሷል። ጥሩ ነው። ለከተሞች ግን ዋናው ቁጥር ትልቁ ሳይሆን ትንሹ ይመስለኛል። ይህ ዓይነት ድልድይ ወጪው የሚያዋጣው በጥቅሉ ከ200 ሜትር ገደማ በላይ መዘርጋት ሲያስፈልግ ነው። ከዚያ በታች ብዙ ጊዜ ተራ የኮንክሪት ወይም የብረት ድልድይ ሥራውን በርካሽ ይጨርሳል፤ የሚፈተሽ ኬብልም የለውም።

ይህን ስል ውበት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በስፔን ሴቪያ በ1992 የተሠራው የአላሚሎ ድልድይ 142 ሜትር የሚረዝም ወደ ኋላ ያዘነበለ አንድ ምሰሶ አለው። ከኋላው የሚጎትተው ኬብል የለም፤ በራሱ ክብደት ነው መንገዱን የሚይዘው። የሚዘረጋው 200 ሜትር ብቻ ነው። በቀላል ድልድይ መሻገር ይቻል ነበር። ንድፉን የሠራው ሳንቲያጎ ካላትራቫ ያን አልመረጠም፤ ከተማዋም ምስሏን አገኘች። ከተማ ለውበት ልትከፍል ትችላለች። የማይገባኝ ለውበቱ ከፍሎ ለጥበቃው በጀት አለመያዝ ነው። ኬብል የገዛ ከተማ በየዓመቱ መርማሪ፣ መወጣጫ መኪና፣ መለዋወጫና የሚለካ መሣሪያም ገዝቷል። ይህ በምረቃው ቀን ውሉ ላይ ካልሰፈረ በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

በሌላ በኩል በእርግጥ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። ማርች 26 ቀን 2024 ዳሊ የተባለ የኮንቴይነር መርከብ መብራት ጠፍቶበት በአሜሪካ ባልቲሞር የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን መታ። በ1977 የተከፈተው የብረት ድልድይ በሰከንዶች ውስጥ ፈረሰ። መንገዱን ሲጠግኑ የነበሩ 6 ሠራተኞች ሞቱ። መርማሪዎች በኋላ የመርከቡን መብራት ያጠፋው በደንብ ያልገባ አንድ ሽቦ መሆኑን አስታወቁ። የሚተካው ድልድይ በኬብል የተወጠረ እንዲሆን ተወስኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአሮጌው ምሰሶዎች 366 ሜትር ነበር የሚራራቁት፤ የአዲሱ ከ480 ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ምሰሶው ከመርከቡ መንገድ በራቀ ቁጥር የመመታት ዕድሉ ይቀንሳል። ወጪው ግን መጀመሪያ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በታች ተብሎ፣ በኖቬምበር 2025 ከ4.3 እስከ 5.2 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተነግሯል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ኬብሉ በ30 ዓመቱ ምን እንደሚመስል ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል።

አንድ ቦታ በደንብ ታስቦበታል። በአሜሪካ ሜይን ግዛት በ1931 የተሠራ ዋልዶ ሃንኮክ የተባለ ተንጠልጣይ ድልድይ ነበር። ለጥገና ሲባል የዋናው ኬብል መጠቅለያ ሲገለጥ ውስጡ ክፉኛ ዝጎ ተገኘ። ከውጭ ደህና ይመስል ነበር። በ2003 በአስቸኳይ ተጨማሪ ኬብሎች ተዘርግተውለት፣ ከአጠገቡ አዲስ ድልድይ መሠራት ተጀመረ። በ2006 መጨረሻ የተከፈተው ይህ አዲሱ ድልድይ ፔኖብስኮት ናሮውስ ይባላል፤ በኬብል የተወጠረ ነው። በአሮጌው የደነገጡ ሰዎች እንደሠሩት ያስታውቃል። ቱቦዎቹ ውስጥ እርጥበት እንዳይገባ ናይትሮጅን ጋዝ ተሞልቷል። ቱቦው አንድ ቦታ ቢቀደድ የጋዙ ግፊት ይወርዳል፤ መለኪያውም ወዲያው ይናገራል። በየኬብሉ ውስጥ ደግሞ ለምርመራ ተብለው የገቡ ጅማቶች አሉ። በ2007 ከነባሮቹ ጥቂቶቹ ወጥተው በቦታቸው የካርቦን ፋይበር ጅማቶች ገቡ፤ እንዴት እንደሚያረጁ ለማየት። መርማሪ ሲጠራጠር ሽብልቁን አላቆ ከነዚያ አንዱን ጅማት ከላይ እስከ ታች ስቦ ያወጣዋል። መሬት ላይ ዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝገት ይፈልግበታል። ከዚያ በቦታው ሌላ ያስገባል።